ጣትሽን አውሺኝ

የእህቴ ባል ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወለልኝና «እትዬ፣ ዛሬ ጣትሽን አውሺኝ» አለኝ። ገና ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም ነበር። ይህ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለእኔ የደወለው ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው፤ ከአምስቱም ሁለቱ በስህተት። ቤተሰቡ «ሌንስ» ይለዋል። አንድ መነጽር ቤት ውስጥ፣ ከኋላ ባለች መስኮት አልባ ክፍል፣ የመነጽር መስታወት ሲሞርድ ሀያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዝምተኛ ነው፤ ያውም የሚያናድድ ዝምተኛ። ደህና አደርክ ሲሉት እግዜር ይመስገን ለማለት እንኳ አስቦ ነው አፉን የሚከፍተው። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ሌላ ነው፤ ካላወራሁ ሆዴን ይነፋኛል። እናም በጠዋት ተነስቶ ጣቴን ሲጠይቀኝ፣ ምስኪን፣ ያ ሁሉ ሳይናገረው የኖረው ነገር ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት ብዬ ነበር።

ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳኝ። እህቴ ሥራ ገብታለች፤ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትውላለች። እሱ ለዛሬ ፈቃድ ወስዷል። ነገ የወንድማችን ሴት ልጅ ሰርግ ነው። ከሰርጉ በፊት፣ እሷ ሳትሰማ፣ ቀለበት ሊገዛላት ፈልጓል፤ የአልማዝ ቀለበት። የጣቷን ልክ አያውቅም፣ ቤት ውስጥ የሚለካበት ሌላ ቀለበትም የላትም። «የአንቺና የእሷ ጣት አንድ ነው አይደል?» አለኝ። አንድ ነው አልኩት። አንድ መሆኑን እኔ ብቻ ሳልሆን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዘመድ ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኛ።

ወሬው እንዲህ ነው። እህቴና ሌንስ ሲጋቡ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ሊፈራረሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ቀለበት የሚባል ነገር የለም። እኔ የራሴን ከጣቴ አውልቄ አዋስኳቸው፤ እህቴ ጣት ላይ በልኩ ቁጭ አለ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ ወሰድኩት። ይኸው ነው። እኔ ሳወራው ግን እንዲህ አያጥርም። ሰው በተሰበሰበበት፣ ጨዋታ ቀዝቀዝ ሲል፣ አንድ ሰው «እስቲ ያቺን ንገሪን» ይለኛል፤ እኔም መቼ ለምኑኝ እላለሁ። «ያገባው እኮ እኔን ነው፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ቀለበት የኔ ነው። በሕግ ከተኬደ ሚስቱ እኔ ነኝ፣ እሷ ወኪሌ ናት። የውሰት ነበር፣ ሰኞ ተመለሰ» እላለሁ። ቤቱ በሳቅ ያልቃል። እህቴም ትስቃለች። ባለፈው እሑድ የሙሽራው ወላጆች ለትውውቅ ወንድማችን ቤት ሲመጡም አወራሁት። የሙሽራው አባት እስኪያስላቸው ሳቁ። እናትየው ግን የእህቴን እጅ አየት አደረጉና «ከዚያ በኋላስ አልተገዛላትም?» ብለው ጠየቁ። እህቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደም ብዬ «ገና ሰልፍ ላይ ናት» አልኩ። ደግሞ ተሳቀ። ሌንስ በዚያ ሰዓት ወንበር ሊበደር ጎረቤት ሄዶ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ተገናኘን። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተጠርጓል፤ ለራሱ ሰርግ እንኳ እንዲህ አልለበሰም። ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ዘግቶታል። ስንት ይዘህ ነው ስለው ዘጠና ሺህ አለኝ። ዘጠና ሺህ ለእሱ ቀልድ አይደለም። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሰው ፍሬም እየጠገነ ለአራት ዓመት ያጠራቀመው፣ የራሱን መሞረጃ ማሽን ገዝቶ ከዚያች መስኮት አልባ ክፍል ሊወጣበት የነበረ ገንዘብ መሆኑን ከእህቴ ሰምቻለሁ። ማሽኑስ አልኩት። «ማሽን ይቆያል» አለ። እኔ መቼስ አስተያየት አላጣም፤ ሰው በዚህ ኑሮ ድንጋይ ይገዛል ወይ፣ አንድ ጥሩ የወርቅ ቀለበት በሩቡ ታገኝ የለ፣ ተነስቶ አልማዝ ምን የሚሉት ጣጣ ነው እያልኩ እስክንወርድ ድረስ ጆሮውን በላሁት። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «አንዴ ከገዛሁ አይቀር» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኝም።

መጀመሪያ የገባነው ትልቁ መንገድ ላይ ያለው ወርቅ ቤት ነው። በሩ ላይ ጥበቃ አለ፣ ወለሉ ፊትን ያሳያል፣ ውስጡ እንደ ሬሳ ክፍል ይቀዘቅዛል። ከረባት ያሰረ ሻጭ በሳቅ ተቀበለንና በጥቁር ጨርቅ ላይ አንድ ሦስት ድንጋይ ደረደረ። ዋጋቸውን ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ ሁለት መቶ አሥር ሺህ፣ መቶ ስድሳ ሺህ፤ እኔ በሁለተኛው ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ያዝኩ። ሌንስ በጀቱን ነገረው። ያን ጊዜ ሳቁ ትንሽ ቀነሰና ከታችኛው መሳቢያ አንድ አወጣ፤ ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ከግማሽ ካራት በላይ የሚመዝን፣ ከነቀለበቱ ሰማንያ ስምንት ሺህ። «አንድ ጉድፍ የለውም፣ እንደ ውሃ ነው» አለ። ሌንስ ከኪሱ የሥራ ማጉያውን አወጣ። ዓይኑ ላይ ሰክቶ ድንጋዩን በወረንጦ አገላብጦ አገላብጦ አየ። ከዚያ የዋጋ ዝርዝሩን ወረቀት ሳበ፣ ድንጋዩን በግንባሩ ፊደሎቹ ላይ ደፋውና ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። ይህን ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ሳየው ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። «እይው እትዬ፣ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጥሩ ዕቃ ማለት ይኼ ነው» አለኝ። እኔም አየሁ፤ እውነትም «ቅናሽ» የሚለው ቃል በድንጋዩ ውስጥ ይነበባል።

እዚያው ይገዛው ነበር። ያዳነው የኔ እውቀት ነው ብል ውሸት ነው። ሻጩ ወንበር ስቦ «ማዘር፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» አለኝ። ገና ሀምሳ አልሞላኝም፤ ደግሞም አልደከመኝም። ደሜ ፈላ። ሌላ ቦታ ሳናይ አንገዛም ብዬ ሌንስን በክንዱ ይዤ ወጣሁ። እሱ በር ላይ ቆሞ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያቆዩለት ለመነ፤ አሁን የሆነ ሰው መጥቶ የሚነጥቀው መስሎታል።

ሌላ የሚያውቀው ወርቅ ቤት አንድ ብቻ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ከሻይ ቤት በላይ፣ በጠባብ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ክፍል። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ የሚሠሩበትን ወፍራም መነጽር የሞረደላቸው ሌንስ ነው፣ እናም ገና በሩ ላይ ሲያዩት «ዓይኔን የሠራህልኝ ልጅ» ብለው ተነሱ። ክፍሉ ውስጥ መስታወት መደርደሪያ የለም። መስኮት ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መብራት፣ ሚዛንና ሞረዶች፣ ግድግዳው ላይ የዓመቱ ካላንደር። በቃ። ሌንስ የመጣበትን ነገራቸው፤ ትልቁ ቤት ያየውንም አልደበቀም፣ እንዴት እንደመረጠው፣ ፊደሉ እንዴት ቁልጭ እንዳለለት ሁሉ ዘረዘረ። ዘርዝሮ ሲያወራ ስሰማው ገረመኝ፤ ስለ ሥራው ከሆነ ለካ ያወራል።

ባለ ወርቅ ቤቷ እየሳቁ ሰሙት። ሳቃቸው የፌዝ አይደለም፤ የገዛ ልጇ ጫማ አዙሮ ሲያደርግ እንዳየች እናት ነው። «የኔ ልጅ፣ አንተ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራኸው ብርሃን እንዲያልፍ ነው» አሉት። «መነጽር ጥሩ የሚባለው የሌለ ሲመስል ነው። አልማዝ ግን የሚገዛው የገባበትን ብርሃን እንዲመልስ ነው። ፊደል ካስነበበህ፣ ብርሃኑ በሥሩ ፈስሶ አልቋል ማለት ነው። ጠፍጣፋ አድርገው የቆረጡት ሰፊ እንዲመስል ነው።»

ሌንስ ማጉያውን በመዳፉ ላይ አገላበጠ። ሀያ ስድስት ዓመት የተማመነበት ዓይን ሲሳሳት ምን ይላል? አሮጊቷ ከመሳቢያቸው ሁለት ትንንሽ የወረቀት እሽጎች አወጡ። አንደኛው ውስጥ ያለው ደንበኛ ቀለበት ሊያሠራበት የተወው፣ እንደዚያኛው ሰፋ ያለ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው የራሳቸው፣ ከዚያ የሚያንስ። ሁለቱንም ጣቶቻቸው መሀል አስቀምጠው መስኮቱ ጋ ቆሙና እኔን በሩ ድረስ ወደ ኋላ እንድሄድ አዘዙኝ። ሰው ቀለበት የሚያየው ከዚህ ርቀት ነው፣ በማጉያ አይደለም አሉ። ከበሩ ሆኜ ሳየው ትልቁ መሀሉ አመድማ ነው፤ የተኛ። ትንሹ ግን አርፎ አይቀመጥም፣ እጃቸውን ነቅነቅ ባደረጉ ቁጥር አንዴ ነጭ አንዴ ቀይ ይረጫል። ሌንስም መጥቶ ከእኔ ጎን ቆመ። አየ። ወዲያው ማጉያውን ኪሱ ውስጥ ሲከት አንጀቴን በላው።

ከዚያ ቁጭ ብለው አስተማሩን፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጥ ሰማሁ። ዘጠና ሺህ ሁሉንም አይገዛም፤ አንዱን በደንብ ይገዛል፣ እሱም አቆራረጡን ነው አሉ። ክብደቱ ግማሽ ካራት ሲሞላ ዋጋው ዘሎ ይወጣል፣ ይቺ ግን ከግማሽ በጥቂቱ ትጎድላለች፤ ጉድለቷን ሚዛን እንጂ ዓይን አያውቀውም። ቀለሟ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ነጭ ወርቅ ላይ ብትቀመጥ ያስታውቃል፣ ቢጫ ወርቅ ላይ ግን ማን ያውቅባታል። የምስክር ወረቀቷንም አወጡና፣ ወገቧ ላይ፣ በዙሪያ ጠርዟ፣ የተጻፈውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ራስህ አስተያይ ብለው ለሌንስ ሰጡት። ያ ነገር ነፍሱን መለሰለት። ማጉያውን እንደገና ሰክቶ ከፀጉር የቀጠነውን ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ፤ እኔ ከወረቀቱ ላይ ተከታተልኩት፤ ልክ ነው። ከነቀለበቱ ሰማንያ አራት ሺህ አሉ። ተመስገን አለቀ ስል፣ ድንጋዩን አልመልስ ብሎ ቆየ። ከዳር በኩል አንዲት ጥቁር ነጥብ አግኝቷል።

አውቃለሁ አሉ ባለ ወርቅ ቤቷ፤ ወረቀቱም ላይ አለች፣ ዋጋዋም ለዚህ ነው የረከሰው። ቀለበቱ ድንጋዩን የሚይዝባቸው አራት ጥፍሮች አሉት፤ ነጥቧን ከአንደኛው ጥፍር ሥር አስገባታለሁ፣ ከዚያ በኋላ እኔም ብፈልጋት አላገኛት። ሌንስ ራሱን ነቀነቀ። ነጥብ ያለበት መስታወት ለደንበኛ ሰጥቶ አያውቅም፣ የመነጽር ቤቱ ባለቤት እየተቆጣው እንኳ ስንቱን ሰብሮ ጥሏል፤ ታዲያ ለሚስቱ እያወቀ እንዴት ይሰጣል? ይህን በተሰባበረ ቃል ተናገረና አንገቱን ደፋ። አሮጊቷ ጉዳዩን ቀለል ለማድረግ ይመስለኛል፣ አዲስ ሙሽራ ሆነህ ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቀው ብለው ጠየቁት።

«አይደለም» አለ፣ ድንጋዩን እያየ። «ከተጋባን አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው። የመጀመሪያው የውሰት ነበር፣ ሰኞ ተመለሰ።»

ክው አልኩ። ቃሉ የኔ ነው፤ ከነአወራረዱ፣ ከነእረፍቱ። ይህ ሰው ወደ እኔ እንኳ አልዞረም፣ ድምፁም አልተለወጠም፤ የመታወቂያ ቁጥሩን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። አሮጊቷ ምንም አላወቁም፣ እሰይ እንግዲህ አሁን ይድረሳት አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ወለምታ ቢሆን ምን ነበር፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እያሳመርኩ፣ እየጨመርኩ ያወራሁት ነው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኜ ነጥቡን ተወው፣ ውሰዳት፣ ታበራለች አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። እሱም ድንጋዩን ለባለ ወርቅ ቤቷ መለሰላቸው፤ የመርፌ ቁልፉን ፈትቶ ፖስታውን አወጣ። ልኩን ሲጠይቁ እጄን ዘረጋሁ። የመለኪያ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ጣቴ ላይ ሞከሩ፤ መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ ጣት ነው፣ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ልኩ ተገኘ። የእህትሽም ይኼው ነው ወይ አሉኝ። እንደ መንታ አልኳቸው።

ለመሰካት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል ተባልን። ታች ሻይ ቤት ገብተን ቁጭ አልን፤ ሁለት ሻይ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሰርጉ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሻጩ «ማዘር» ማለት የማወራው አላጣም ነበር። ሻዬን ሳማስል ስኳር እንዳላደረግኩበት እንኳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከጎናችን ሁለት ሰዎች ስለ ቤት ኪራይ ይጨቃጨቃሉ፣ ውጭ መኪና ይንጫጫል፣ እሱ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛውን ያያል። በመጨረሻ እንደምንም ብዬ እሑድ ሰምተኸኝ ነበር ወይ አልኩት። ወንበሮቹን ይዞ በሩ ላይ እንደነበር ነገረኝ። ታዲያ ለምን አልገባህም ስለው «እስክትጨርሺ ብዬ ነው» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ እኔም እቆጣ ነበር፤ ተጨቃጭቀን፣ ተሰዳድበን፣ ሸክሙን ለሁለት እንካፈለው ነበር። ሦስት ወንበር ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ የኔን ቀልድ ማለቅ ሲጠብቅ ታየኝ። እንደዚያ ስንት በር ላይ ቆሞ ይሆን?

ቆይቶ ደግሞ «የምታወሪው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ይቺንም አንቺ ብታያት ይሻላል ብዬ ነው» አለ። ይህን ያለው ሊወጋኝ አይደለም፤ እውነቱን ነው። እኔ ጣቴን ፈልጎ የጠራኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አፌንም ፈልጎታል። ይቅርታ ልል አፌ ላይ ደረሰ፣ ተመለሰ። ለቀልድ የሚፈጥን ምላስ ለይቅርታ ሲሆን ምን እንደሚያስረው አላውቅም። ሻዩን ከፈልኩ፤ ይቅርታ በሻይ የሚከፈል ይመስል።

ስምንት ሰዓት ላይ ቀለበቱን ተቀበልን፤ ባለ ወርቅ ቤቷ ሱቃቸውን እየዘጉ መረቁን። ነጥቧ የለችም። ሌንስ በማጉያ ፈለጋት፣ በእውነት ፈለጋት፣ አጣት። በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ስንመለስ ሳጥኗን በመዳፉ ውስጥ ሸሽጎ ይዟት ነበር፤ ሰው ሲጋፋው ክርኑን ያወጣል።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ከጠረጴዛው አጠገብ አልጋ፣ ከአልጋው አጠገብ ለነገ የተተኮሰው የእህቴ ቀሚስ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እንደ ሌባ ተፋጠን ቁጭ ብለን ጠበቅናት። ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣች፤ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ እኔን አይታ ምነው ሰላም ነው አለች፣ እግሯን እያሻሸች ተቀመጠች። ሌንስ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው አጠገብ አስቀመጠና ወደ እሷ ገፋ አደረጋት። እህቴ ከፈተች። ከዚያ የማን ነው ብላ ጠየቀች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው፣ አንድ ሰው ዕቃ አስቀምጡልኝ ያለ መስሏታል።

«የራስሽ ነው» አላት።

ብድግ ብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብርሃኑ ሲያገኛት ድንጋይዋ በግድግዳው ላይ፣ በተሰቀለው ቀሚስ ላይ፣ በሌንስ ግንባር ላይ ነጠብጣብ ረጨች። እህቴ እጇን ወዲያ ወዲህ እያደረገች ሳቀች። የኔን ወሬ ስትሰማ የምትስቀው ሳቅ አልነበረም፤ ይኼኛውን ከልጅነታችን በኋላ ሰምቼው አላውቅም። ሌንስ አፉን በእጁ ሸፈነ። በቃ፣ አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አሰብኩ። ቀለበቱን በግራ እጇ ጣት አስገባችው። የመጀመሪያውን አንጓ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ቆመ።

ገፋችው። አጠማዘዘችው። ሳትናገር ሄዳ እጇን በሳሙና አርሳ መጣችና እንደገና ሞከረች፤ አንጓዋ ቀላ እንጂ ቀለበቱ አልተነቃነቀም። ሌንስ ወለሉን ነው የሚያየው። እኔ ግን እጇን አየሁ። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ የእህቴን እጅ ስንት ዓመት ሳላየው ኖሬያለሁ። በየሳምንቱ እንገናኛለን፣ እንሳሳማለን፣ እጇን ግን አላየሁም። አንጓዎቿ አብጠው ጣቶቿ ወደ ጎን ጠመም ብለዋል፣ ቆዳዋ በፍል ውሃና በመድኃኒት ተልጦ ያብለጨልጫል። የኔ ታናሽ ናት፣ በሁለት ዓመት። እጇ ግን የእናቴን እናት እጅ ይመስላል። ዘመድ ሁሉ ፊት እንደ መንታ ነው ያልኩት ጣት ይኼ ነው።

በማን ጣት ነው የተለካው ብላ ጠየቀች። ሌንስ ቀደመኝ። በግምት ነው፣ የኔ ስህተት ነው፣ ሰኞ ይሰፋል አለ። ይህን የመሰለ ውሸት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ስለ እኔ ዋሸ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ወርቅ ቤቱ ተዘግቷል፣ ነገ ሰርግ ነው፣ እሷ ባዶ እጇን ትሄዳለች፣ እኔም እንደ ልማዴ ሌላ ጨዋታ አመጣለሁ።

«በእኔ ጣት ነው» አልኩ። «አንድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሑድ ያንን ሳወራ ደግሞ እሱ በሩ ላይ ነበር። ይቅር በሉኝ፣ ሁለታችሁም።»

እህቴ ባሏን አየችው፤ እሱም ቀና ብሎ አያት፤ እዚያ መሀል ምን እንደተባባሉ እኔ አላውቅም። ከዚያ ቀለበቱን ከቆመበት እየጎተተች አወጣችና ትንሿ ጣቷ ላይ አደረገችው። በልኩ ቁጭ አለ። የኔ የቀለበት ጣት የእሷን ትንሿን ጣት ነው የሚያክለው። ነገ እዚህች አደርገዋለሁ አለች፣ ለሌንስ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ስታወሪ እኔ ለምን የምስቅ ይመስልሻል?»

ያስቃት ይመስለኝ ነበር።

«እሱ ከሰማ፣ እንደ ቀልድ እንዲያልፍለት ነው» አለችኝ።

ሌንስ ተነስቶ ሻይ ሊጥድ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃ ሲቀዳ፣ ክብሪት ሲጭር ይሰማል። እኔ ደግሞ እጄ ሥራ ካላገኘ እንደማለቅስ ስለገባኝ፣ መሳቢያዋን ከፍቼ ክር ፈለግኩ። ጥቁር ክር አገኘሁ። ሰኞ ቀለበቱን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ፣ ልኩን ስጪኝ አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ከባድ ነው፣ ይሞቃል። ክሩን በጣቷ ላይ አዙሬ፣ አንጓዋ ላይ አድርሼ፣ ልኩን ለማግኘት ሳብ አደረግኩት።

«ቀስ በይ፣ ያመኛል» አለችኝ።

ክሩን ለቀቅኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ አልኳት። ነገረችኝ።